ጉርሻም ይቆጠራል

ገና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሆድ ከመሙላቱ በፊት ይህችን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ከጠገበ ሰው ጋር ስለ ምግብ መነጋገር ከንቱ ድካም ነውና። የማወራው ስለ ሌላ ሰው አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት አሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ፣ እየበላሁና እየጠጣሁ ራሴን ልገድል ነበር። ያዳነችኝ ሚስቴ ናት፤ ያውም ከእኔ አፍ የማይሰማ ነገር ከሰማች በኋላ።

ታደሰ እባላለሁ፣ ወደ ሃምሳ እየተጠጋሁ ነው። ቤቴ ገርጂ ነው። ሥራዬ ደግሞ ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት የዕቃ መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ተቆጣጣሪነት ነው። እንጀራዬን የምበላው በመጠርጠር ነው ማለት ይቻላል። ወረቀቱ አርባ ካርቶን ካለ አርባውንም እቆጥራለሁ፤ ቆጥሬም አላምንም፣ አንዱን አስከፍታለሁ። ወረቀቱን ከራስጌው እስከ ግርጌው፣ ማኅተሙ ድረስ ሳላነብ ዕቃ ከበር አላስወጣም። ይህ አመል ታዲያ ማታ ከመጋዘኑ ጋር አይቆለፍም፤ ቤትም ይከተለኛል። ወተቱ ውኃ ነክቶታል እላለሁ፣ ቅቤው ተደባልቆበታል እላለሁ። ሚስቴ አሰለፈች «አንተ እኮ ስትወለድም አዋላጇን ደረሰኝ ጠይቀሃል» ትለኛለች። ያን ጊዜ ከተጋባን አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖን ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ እርስ በርሳችን ግን ተሰጣጥተናል።

ቦርጫም ነበርኩ። ሰው ሁሉ «ተመችቶሃል» ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ለከት አልነበረኝም። ዶሮ ወጡ፣ ክትፎው፣ ድፎው፣ ጠጁ፤ ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ «በልቼ ነው የመጣሁት» እያልኩ እበላለሁ። ጉርሻማ ምግብ ነው ብዬም አላውቅ። የሰው እጅ የሰጠኝን ፍቅር አድርጌ ነበር የምቆጥረው እንጂ እህል ነው አልልም ነበር።

ሕመሙ የጀመረው በጥማት ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ውኃ አልበቃ አለኝ። ከሥራ ስመለስ መንገዳችን ጥግ ላይ ካለው የሰይድ ሱቅ እቆምና ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ በቁሜ እጨልጣለሁ፤ ሦስተኛውን ይዤ ቤት እገባለሁ። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፣ የአሥር ዓመት ጎረቤታችን ነው፣ ሰው ሲጠጣ ዓይኑን የማይነቅል ዓይነት። ሌሊት ሌሊት ደግሞ አምስትና ስድስት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ሱሪዬ ሰፋኝ። ቀበቶዬን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፣ በወሩ ሌላ በሳሁለት።

መክሳት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። አዲስ አበባ ውስጥ የከሳ ሰው አንድ በሽታ ብቻ ነው ያለው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ «በሽታው» ነው የሚባለው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ከመጋዘናችን አንድ ባልደረባችን እንደዚያው እየከሳ፣ እየከሳ ሄዶ ሞቷል። ምን እንደነበረበት የነገረን ሰው የለም፣ እኛ ግን ፈረድንበት። እኔ የሻይ ኩባያዬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። እሱም አይቶኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴን ያቃጥለኛል፤ ይቅር በለኝ ሳልለው ነው የሞተው።

እንግዲህ የእኔ ተራ ደረሰ። ሰዎች «ደህና ነህ?» ሲሉኝ ዓይናቸው አንገቴ ላይ ያርፋል፤ አጥንት የሚፈልጉ ይመስለኛል። ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ካየሁ ስለ እኔ ነው እላለሁ። ክሊኒክ መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያው «ታይፎይድ ነው» አለኝ፤ ያን ሰሞን ክሊኒክ የገባ ሰው ሁሉ ታይፎይድ ነበረበት። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ጥማቱ አለ። ሁለተኛው ጥሬ ሥጋ እንደምወድ ጠየቀኝና «ኮሶ ነው» አለ። የኮሶ ኪኒን ዋጥኩ፣ ግማሽ ቀን ሽንት ቤት ዋልኩ፣ ከድካም በቀር የወጣ ነገር የለም። ሦስተኛው ጨጓራ አለኝና ወተት አዘዘልኝ። ሦስቱም መድኃኒቱን ከራሳቸው መስኮት ነው የሸጡልኝ፤ ይህም አላመለጠኝም፣ ጠርጥሬ በልቤ መዝግቤዋለሁ።

አንድ ቀን ሰይድ ባዶ ጠርሙሶቹን እየሰበሰበ ጠጋ አለኝና፣ «ጋሽ ታደሰ፣ አትቀየመኝ፤ የምትሸናበት ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል? ደሜ ፈላ። አጥር ለአጥር ስለምንኖር የሚከታተለኝ መሰለኝ። ሊያወራብኝ ነው ብዬ አስቤ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ ጥዬ ሄድኩ፣ ከዚያ በኋላም ለስላሳዬን ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመርኩ። አባቱ በስኳር በሽታ እንደሞቱ፣ ጉንዳኑንም በልጅነቱ በእሳቸው እንዳየው ሊነግረኝ ነበር አሉ። አፉን ሳይከፍት ዘጋሁበት።

ከዚያ የገና ጾም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ የሽሮና የዳቦ ተራራ እወጣለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጾሙ ነው ያከሳኝ» እላለሁ። አሰለፈች አላመነችም። ዘንድሮ ጾሙ ይቅርብህ፣ ንስሐ አባትህን አማክር ብላ ለመነችኝ። እንቢ አልኩ፤ ጾም የፈታ ሰው ደግሞ ለምን ፈታ ይባላልና።

በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ወዳለ መስታወታም ክሊኒክ ሄድኩ። ማንም እንዳያየኝ ከሰፈር ርቄ መሄዴ ነበር። የመጠበቂያው ክፍል በሰው ተሞልቷል፣ የሚነጋገር ግን የለም። ወንዶቹ ጋዜጣ እስከ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል። እኔም ጋዜጣዬን ከፍ አደረግሁ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አንዲት መስመር አላነበብኩም። ሽንት ሰጠሁ፣ ደም ሰጠሁ። ከዚያ የላቦራቶሪው ልጅ መስኮቱን ከፈተና በስሜ ጠራኝ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ፣ «ፖዘቲቭ ነው፤ ይዘኸው ዶክተሩ ጋ ግባ» አለኝ፣ እንደ ዋዛ፣ እስክሪብቶ እንደሚያቀብል ሰው።

ፖዘቲቭ! ያን ቃል የእኛ ሰው አንድ ትርጉም ብቻ ነው የሚያውቅለት። ወረቀቱን አየሁት። በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ አይቸግረኝም፣ ስንት የዕቃ ሰነድ አንብቤበታለሁ። ከመስመሩ መጨረሻ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ፖዘቲቭ» ይላል፣ ከጎኑ አራት የመደመር ምልክት ተደርድሯል። ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ምን እንዳለ አላየሁም። ማኅተም ድረስ የማነበው ሰውዬ፣ የራሴን ወረቀት ግማሽ መስመር አንብቤ አጠፍኩት። ካፖርቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩትና በዶክተሩ በር አልፌ ወጣሁ።

በእግሬ ነበር ወደ ቤት የሄድኩት፤ በታክሲ ሰው አጠገብ መቀመጥ ፈርቼ ነው። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። እኔ ከአሰለፈች ሌላ ሴት አላውቅም። እኔ ካላመጣሁት ታዲያ ማን አመጣው? ክሊኒኮቹ የወጉኝ መርፌ ትዝ ሊለኝ ይችል ነበር፣ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ባለፈው ዓመት እህቷን ልታርስ ናዝሬት ሄዳ አንድ ወር መቀመጧ ነው። ጠርጣራ ሰው ሲፈልግ አያጣም። ገርጂ ስደርስ ፋይሉን ዘግቼ ነበር።

እሷ ጎመን እየከተፈች ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ በር ላይ ቆሜ፣ «በሽታውን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ናዝሬትን አነሳሁ፣ የእህቷን ባል አነሳሁ፣ ሌላም የማልደግመው ነገር ተናገርኩ። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። «ታደሰ፣ ይህን ተናግረኸዋል» አለችኝ፤ «ነገ አልተናገርኩም እንዳትል።» ከዚያ ጎመኗን ከትፋ ጨረሰች። እኔም ዝምታዋን እንደ ማስረጃ ያዝኩት፤ ንጹሕ ብትሆን ትጮህ ነበር አልኩ።

ገና መጣ። የዚያን ዓመት በዓል ያሳለፍኩትን ሳስብ አሁንም ይሰቀጥጠኛል። መሞቴ ካልቀረ ምን ቀረኝ ብዬ በላሁ። ሁለተኛም ምክንያት ነበረኝ፦ የሚበላ ሰው አልታመመም ይባላል፣ ስለዚህ ሰው እያየኝ መብላት ነበረብኝ። ሰፈሩን ሙሉ ዞርኩት። ዶሮውን ከነመረቁ፣ ድፎውን በማር፣ ጠጁን በብርሌ ላይ ብርሌ። ጠጁ ጥማቴን የሚቆርጥልኝ ይመስለኝና ይብስብኛል፤ ሲብስብኝ እደግማለሁ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያለ ሁለተኛውን የማያስከትል ሰው አልነበረም፣ እኔም አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ሁሉም ይስቃል፤ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ» ይለኛል። አጉራሾቼ ግን ካጎረሱኝ በኋላ ጣታቸውን ሲጠርጉ አያለሁ። ወይም የማይ ይመስለኛል።

ቤታችን ውስጥ ያጎረሰኝ የለም። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በገና ጠዋት የመጀመሪያው ጉርሻ ከአሰለፈች እጅ ነበር የሚመጣው፤ ከእንቁላሉ ቆርሳ፣ በአይብ ሸፍና። በዚያ ቀን ወጡን አውጥታ፣ እጇን ታጥባ፣ ከገበታው ማዶ ተቀመጠች። ይህንንም በደሏ ላይ ጨመርኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እየደበዘዙብኝ ነው የሄዱት፤ ዓይኔም በእውነት ደብዝዞ ነበር። የመጋዘኑን ካርቶን ቁጥር ማንበብ አቃተኝ። በጥምቀት ቀን ታቦት ለመሸኘት ወጣሁ። ፀሐዩ፣ ሆታው፣ ሕዝቡ። አፌ ደርቆ ምላሴ ተጣበቀብኝ። አንድ ሰው ብርጭቆ ጠላ ሲያቀብለኝ እጄን መዘርጋቴን አስታውሳለሁ፤ ሌላ የማስታውሰው የለም። ቀጥሎ ያለውን በኋላ ሰይድ ነው የነገረኝ፣ ያ ሱቁን መርገጥ የተውኩበት ሰይድ።

ከመሬት ያነሳኝ እሱ ነው። ዕቃ በሚያመላልስበት ፒካፕ ጭኖ፣ አሰለፈችን አሳፍሮ፣ ቅርብ ወደነበረው ትንሽ ክሊኒክ ወሰደኝ። ከሰፈር የተከተለው ሰው በሩን ሞላው፣ ሁሉም በአንድ አፍ «ግሉኮስ ይሰጠው!» ይላል። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ የደከመ ሁሉ መድኃኒቱ ግሉኮስ ነው፣ ያ በክንድ የሚንጠለጠለው። ግሉኮስ ደግሞ ስኳር መሆኑን የሚያስብ የለም። ነርሷም ደካማ አየች፣ በዓል ነው፣ ሰው ጮኸባት፤ ከረጢቱን ሰቀለች፣ መርፌውን ክንዴ ላይ ሰካች። ቱቦውን ሊከፍቱልኝ ነበር።

አሰለፈች ለካርድ ማውጫ መታወቂያዬን ፍለጋ ካፖርቴን ስትበረብር ያን የታጠፈ ወረቀት አገኘችው። እንግሊዝኛ አታነብም። ግን የክሊኒክ ወረቀት እንደሆነ ማኅተሙ ነገራት። ሰይድ እንደሚለው፣ ወረቀቱን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። እኔ ስጮህባት የነበረው ከዚህ ወረቀት ተነስቼ እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። የእኔ ሚስት ወረቀቱን ብትሰጥ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት ምን እንደሚነበብ አታውቅም። ብትደብቀው ማንም አያውቅባትም ነበር። ሰጠቻት።

ነርሷ አንብባ የከረጢቱን ቱቦ ከክንዴ ነቀለችው። «ስኳር አለበት እኮ! ሽንቱ ውስጥ አራት ፕላስ ስኳር!» አለች። «ግሉኮስ ያለው ማን ነው? ቶሎ ሆስፒታል!»

ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያላነበብኩት ቃል «ስኳር» ነበር። የሽንት ስኳር፣ ፖዘቲቭ።

ስነቃ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ በተዘረጋ አልጋ ላይ ነኝ፤ ክፍል ሞልቶ ነበር። ሦስት ቀን እዚያው ኮሪደር ላይ ተኛሁ፣ ስድስት ቀን ደግሞ ክፍል ውስጥ። ኢንሱሊን ይወጉኛል፣ ውኃ በክንዴ ይሰጡኛል። አሰለፈች አልጋዬ እግር ሥር ቆማ ነው ያደረችው፤ በሁለተኛው ቀን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የራሷን በርጩማ አምጥታ ሰጠቻት። ያቺ በርጩማ ለእኔ ከመድኃኒቱ አታንስም። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም።

ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የሚናገሩ። ያን ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ።

«ይህን አንብበኸው ነበር?»

«ግማሹን» አልኳቸው።

ምን እንደገመትኩ ያወቁ ይመስለኛል፣ እንደ እኔ ያለ ስንቱ መጥቶባቸዋል። ከዚያ በሽታውን አስረዱኝ። ሰው የሚበላው እህል ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል አሉኝ፤ ያ ስኳር ወደ ጉልበት የሚገባበት ቁልፍ አለ፤ የእኔ ቁልፍ አልሠራ ብሎ ስኳሩ ደሜ ውስጥ ተከማችቷል፣ ከሽንቴም ጋር ይወጣል። እየበላሁ የከሳሁት ለዚህ ነው። አይድንም፣ ግን ይገታል አሉ፤ በኪኒን፣ በእግር ጉዞና በአፍ። ስኳርና ማር፣ ጠጅና ለስላሳ ፈጽሞ። ዳቦና እንጀራም በልክ፣ «ጾም ነው» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ተርቦ ማታ ማግበስበስም የለም። ለሌላውም ደሜን መረመሩኝ፤ ከዚያኛው በሽታ ነጻ ነኝ።

እኔ ያን ሁሉ ሰምቼ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነው። «በዓል ላይ የሚያጎርሱኝስ? ጉርሻም ይቆጠራል?» አልኳቸው።

«ጉርሻም ይቆጠራል» አሉኝ። «በአፍህ የገባ ሁሉ ይቆጠራል።»

እሳቸው ሲወጡ አሰለፈች ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አንድ ወረቀት አልጋዬ ላይ አኖረች። ገናን ካከበርን በአምስተኛው ቀን ሄዳ ተመርምራለች። ብቻዋን ሄዳ፣ እንደዚያው ጋዜጣ በሚነበብበት ክፍል ብቻዋን ጠብቃ። «የጠየቅከኝ ጥያቄ መልስ ይኸው» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው አንብበው።»

አነበብኩት፣ ማኅተሙ ድረስ፤ ነጻ ናት። አለቀስኩ፤ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እያየኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። «መጀመሪያ ዳን» አለችኝ።

ከሆስፒታል ወጥቼ የሆነውን ባጭሩ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። በየጠዋቱ ከገርጂ ተነስቼ እስከ ሥራዬ ቦሌ ድረስ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፣ ሸራ ጫማ አድርጌ። በመጀመሪያው ሳምንት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጠረጠረኝ። ሰውም ጠረጠረ፤ ለታክሲ አጥቶ ነው ያለ አለ፣ ከሥራ ተባርሮ ነው ያለ አለ። ከመንደሩ ዳር፣ የድሮው እርሻ ቦታ ላይ ከብት የሚያረቡ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ቀን አይተውኝ በአራተኛው ጠሩኝና «ላምህ ጠፋችብህ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ያለ ጉዳይ የሚፈጥን ሰው አይተው አያውቁም። ስኳሬን እያሳደድኩ ነው አልኳቸው። አልሳቁም፤ አስበውበት፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየጠበቁ አብረውኝ ይሄዳሉ፣ ወተት ሊያጠጡኝ ሞክረው ሲያቅታቸው ወሬ ብቻ ሆነ።

ከሰይድ ጋርም ታረቅን። ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ ምን ልበል ስል፣ ውኃ ቀድቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። «ይህ በነጻ ነው» አለኝ።

አሰለፈች ምግቤን በራሷ እጅ ትመጥናለች። ግማሽ እንጀራ፣ ጎመን ብዙ፣ ምስር፣ ሥጋ ሲኖር ቀይ ሥጋ ያለ ጮማ። ትታገስልኛለች፣ ኪኒኔን ሰዓቱን ጠብቃ ታቀብለኛለች፣ ትስቅልኛለችም። አታጎርሰኝም። ፋሲካ አለፈ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀል አለፈ። የምታስታምመኝን ያህል ይቅር እንዳላለችኝ አውቅ ነበር፣ መጠየቅ ግን አልደፈርኩም። እኔ ያልኩትን ያለ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ከበሽታው ይልቅ ይህ ነበር የሚያሳስበኝ፤ ስኳሩስ ይለካል።

ያለፈው ገና ሲደርስ ሁለት ነገር ወሰንኩ። አንደኛው፣ በየገባሁበት ቤት ገና ሳልቀመጥ «ስኳር አለብኝ» ብዬ መናገር። ሳልናገር ብቀር ሰው የራሱን ይሞላበታል፤ ከስቶ፣ አይበላ፣ ጠጅ አይጠጣ፣ መቼም ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አፌን ሞልቼ ስናገረው ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። አንዳንዶቹም ጎተት አድርገው ለብቻዬ «እኔም እኮ ሌሊት ሌሊት ይጠማኛል» ይሉኛል። እነዚያን ሰዎች በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ጋ ልኬያለሁ።

ሁለተኛው የመጋዘን ዘዴ ነው። ካርቶን ስንቆጥር በየአሥሩ አንድ ጠጠር ከኪስ ወደ ኪስ እናሻግራለን፣ ቁጥር እንዳይጠፋ። እኔም አሰለፈች እያየችኝ አምስት የክብሪት እንጨት ግራ ኪሴ ከተትኩ። አምስት ጉርሻ፣ ለቀኑ ሙሉ። አንድ ሰው ባጎረሰኝ ቁጥር አንዷን ወደ ቀኝ ኪሴ አሻግራለሁ፤ ካለቀ አለቀ፣ እናቴ ከመቃብር ብትነሳ አልጎርስም። ቤቴ ጎመኔን በልቼ ስለወጣሁ ዓይኔ አልተራበም። በጠጅ ፈንታ ውኃ በሎሚ ይዣለሁ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ከበዓል ምሳ በኋላ የሚጥለው ያ ክፉ እንቅልፍ መንገድ ላይ ነው የቀረው። ይህን ዘዴ የፈለገ ይውሰደው፣ አልከለክልም። ሰው ይስቅባችኋል። ይሳቅ።

አንዱ ጎረቤት ተቆጣ። «በዓል ነው፣ ምን ያደርግሃል?» እያለ ጉርሻውን አፌ ላይ ይዞ ቆመ። ምን እንዳደረገኝ ነገርኩት። እጁን መለሰ፣ ለራሱ ጎረሰው።

ማታ አራት ክብሪት ቀኝ ኪሴ፣ አንድ ግራ ኪሴ ሆኖ ቤት ገባሁ። ያቺ አንዷ እንዴት እንደተረፈች እኔም አላውቅም፤ እውነቱን ከተናገርኩ፣ ሆን ብዬ ሳላተርፋት አልቀረሁም። አሰለፈች ለራሷ ገና መብላቷ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ስትቀበል ውላ። ከማዶዋ ተቀመጥኩ። እጇ ከገበታው ላይ ቆም አለ።

«ስንት ቀረህ?» አለችኝ፣ ሳታየኝ።

«አንድ።»

ከእንቁላሉ ትንሽ ቆረሰች፣ ከአይቡ ነካ አደረገች፣ በቁራሽ እንጀራ ጠቀለለችው። የሕፃን ጉርሻ የምታህል። ገበታውን ዞራ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁልጊዜ ሰው የሚለውን አልኩ፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

«እኛ ተጣልተን ጨርሰናል» አለችኝ። «ይህቺንም ቁጠራት።»

ጎረስኩ። ቀስ ብዬ አኘክሁ። ከዚያ የመጨረሻዋን ክብሪት ከግራ ኪሴ አውጥቼ ወደ ቀኙ አሻገርኳት።